ዘር ለምትቆጥረው የወንድሜ ልጅ

ልጄ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኝ ደጋግሜ አነበብኩት። የአያትሽን አባት፣ ከእሱም በላይ ያሉትን አባቶችና እናቶች ስም እፈልጋለሁ ብለሻል። እንግሊዝ አገር ያለችው የአክስትሽ ልጅ የባሏን ዘር በአንድ ክረምት እስከ ምንዥላቱ ቆጥራ ስላሳየችሽ ቀንተሽም መሰለኝ። ቅናቱ አይከፋም። ክፍለ ከተማ ሄደሽ የአያትሽን የልደት መዝገብ መጠየቅሽ ግን አሳቀኝ። ወሳኝ ኩነት የሚመዘግብ መሥሪያ ቤት በአገራችን በወጉ ሥራ የጀመረው እኮ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። አያትሽ ወሎ፣ ቦረና ውስጥ ሲወለድ ቀኑን ያወቀለት ሰው ቢኖር አዋላጇ ናት።

እኔ ዕድሜዬን በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ከአፈር ጋር ከታገልኩት ከወረቀት ጋር የታገልኩት ይበልጣል። ምክሬን በተራ ቁጥር የማስቀምጠውም በዚያው ልማድ ነው። አንደኛው ከአምስተኛው ይበልጣል ማለቴ አይደለም።

1. የተወለደበትን ተዪውና የሞተበትን ፈልጊ። ባላገር ሲወለድ የሚጽፍለት አልነበረም። ሲሞት ግን ርስት፣ በሬ፣ ዕዳ፣ ያልተዳረች ልጅ ትቶ ይሄዳል። እነዚህ ደግሞ ምስክር የሚያስቆጥሩ፣ ሽማግሌ የሚያስቀምጡ፣ ሲብስም ዳኛ ፊት የሚያቆሙ ነገሮች ናቸው። ስም የሚጻፈው እዚያ ላይ ነው።

ኑዛዜ በኛ አገር እንዴት ይደረግ እንደነበር ካላወቅሽ የት እንደሚፈለግ አታውቂም። ሕመሙ ሲጠና የነፍስ አባቱ ይጠራል። ቄሱ ኃጢአቱን ለብቻው ከሰሙ በኋላ ሽማግሌውና ዘመዱ ይገባል። በሽተኛው ማን ምን እንዳለበት፣ እሱ ራሱ ለማን ምን እንዳለበት፣ የትኛው ማሳ ለማን እንደሚሆን፣ ለተዝካሩ የትኛው በሬ እንደሚታረድ፣ ለደብሩ ምን እንደሚሰጥ ይናገራል። በመጨረሻ ቄሱ ቃሉን ያፈረሰ የተወገዘ ይሁን ብለው ይገዝታሉ። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ የሚደነግጋቸው አንቀጾች አሉት፤ ነገሩ ልማድ ብቻ አልነበረም። ይሁን እንጂ አብዛኛው በቃል ነው የቀረው። ስለዚህ የተጻፈውን የምትፈልጊውን ያህል የሰሚዎቹንም ልጆች ፈልጊ። የቄስ ቤት ብዙ ጊዜ ከአጥቢያው አይነቀልም፤ አያቱ የማን የማን ነፍስ አባት እንደነበሩ የሚያውቅ የልጅ ልጅ አይጠፋም።

2. ወረቀት ከመንካትሽ በፊት ሰው ጠይቂ፤ አስቀድመሽ የምትጠይቂውም የክርስትና ስሙን ነው። አንድ ሰው ቤቱ የሚጠራበት ስም አለው፤ ቤተ ክርስቲያን የምታውቀው ሌላ ስም አለው፤ ዘምቶ ከሆነ ደግሞ «አባ» ተብሎ በፈረሱ ስም ይታወቃል። በፍትሐት፣ በተዝካር፣ በወንጌል ኅዳግ ላይ የምታገኚው ግን በአብዛኛው የክርስትና ስሙን ነው። እሱን ካልያዝሽ የቅድመ አያትሽን ስም አንብበሽው ታልፊያለሽ። ማዕረግም ካለው፣ ባላምባራስ ወይም ግራዝማች ከተባለ፣ ጻፊው፤ ስማቸው ከነአባታቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎችን የሚለይልሽ እሱ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም፤ የአባት ስም በየትውልዱ ይቀየራል። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ስም ከነአጥቢያው ካልገጠመልሽ «ይህ የኔ ሰው ነው» አትበዪ።

ሴቶቹን ከወንዶቹ አስቀድመሽ ጠይቂ። ርስት በእናትም በአባትም ይወረድ ስለነበር ዘር በሁለቱም ወገን ነው የሚቆጠረው። ከአንዱ አጥቢያ ወደ ሌላው የተዳረች ባልቴት ደግሞ የሁለት አገር ሰው ታውቃለች። ወንዶቹ ጀግናውን ይነግሩሻል፤ እሷ ግን ማን ከማን እንደወለደ፣ ማን ሳይወልድ እንደሞተ፣ ማን የማን የእንጀራ ልጅ እንደነበረ ትነግርሻለች። አንድ ጥያቄ አትርሺ፦ «ከማን ጋር ተካሰሱ?» የዚህን ጥያቄ መልስ ይዘሽ ነው መዝገብ ቤት የምትገቢው።

ስትሄጂ ባዶ እጅሽን አትሂጂ፤ ቡና ያዢ። ስልክሽን አውጥተሽ ፊታቸው ላይ አትደግኚ። መጀመሪያ ተመረቂ፣ ቡናው እስኪፈላ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ዝናሙ ጠይቂ። ዘር ሲቆጠር የሚፈሰው ከሁለተኛው ስኒ በኋላ ነው።

3. ወሎ ውስጥ ሁለት ደጅ አንኳኪ። በዚህ ነገር ብዙ ሰው ይሳሳታል። ክርስቲያን የሆነ ቤተ ክርስቲያን ብቻ፣ ሙስሊም የሆነ መስጊድ ብቻ ይሄድና ግማሽ ዘሩን ጥሎ ይመለሳል። አንድ ቤት ውስጥ አባቱ መሐመድ፣ ልጁ ወልደ ማርያም፣ የልጅ ልጁ አሊ ቢሆን እኛ አገር የሚደነቅ ነገር የለውም።

ምክንያቱን ታሪክ ይነግርሻል። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አድርገው የወሎ ሙስሊም መኳንንት እንዲጠመቁ ግድ ሲሉ የወረ ሂመኖው ኢማም መሐመድ አሊ ሚካኤል ተብለው ራስ ሆኑ፤ ኋላም የወሎ ንጉሥ ሆኑ። ከእሳቸው ጋር ብዙ ሰው ስሙን ለወጠ። ከዚያ ደግሞ ጊዜው ሲላላ ወደ ቀድሞው የተመለሰ አለ፤ በሃይማኖቱ እንደጸና የተሰደደም አለ። ስለዚህ ከዚያ ዘመን በላይ ያለ አባት ስትፈልጊ ሁለት ስም ይኖረዋል ብለሽ ጀምሪ። የኛ ቤት እንኳ በእናታችን በኩል ቃዲ የነበሩ አጎት አሉት፤ አባትሽ ይህን ነግሮሽ አያውቅ ይሆናል።

የሙስሊሙ ወገን የውርስ ሥርዓት ለአንቺ ሥራ ይመቻል። በሸሪዓ ሟች በኑዛዜ ሊሰጥ የሚችለው ከሀብቱ እስከ ሲሶ ድረስ ነው፤ የቀረው እያንዳንዱ ወራሽ በተወሰነለት ድርሻ ይከፋፈላል። ድርሻውን ለማውጣት ቃዲው ሚስቶቹን፣ ወንዶቹንና ሴቶቹን ልጆች፣ በሕይወት ያሉ እናትና አባቱን፣ አንዳንዴም ወንድም እህቶቹን ሁሉ በስም መቁጠር አለባቸው። ፈራኢድ ከሚባለው ከዚህ የድርሻ ስሌት አንዱ በእጅሽ ከገባ አንድ ሙሉ ቤተሰብ አገኘሽ ማለት ነው። የቃዲ ፍርድ ቤቶች በመንግሥት ሕግ የታወቁት በ1934 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ነው፤ በ1936 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ አዋጅ አጸናቸው። ከዚያ በፊት የነበረው ግን በሼሆቹ ቤት፣ በዐረብኛ ኪታቦች ባዶ ገጽ ላይና ነሰብ በሚባለው የቤተሰብ የዘር ሐረግ ውስጥ ነው ያለው። ዐረብኛ የሚያነብልሽ ሰው አብሮሽ ይሂድ፤ ኪታቡን ግን እሱም ቢሆን ሳይፈቀድለት አይክፈት።

4. የድሮውን መዝገብ በድሮው አስተዳደር ስም ጠይቂ። «ደቡብ ወሎ ዞን» ብለሽ ብትጠይቂ የ1950ዎቹ ፋይል አይወጣልሽም። በንጉሡ ዘመን ወሎ ጠቅላይ ግዛት ነበር፤ ከሥሩ አውራጃዎች ነበሩ፤ መካነ ሰላም የቦረና አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ወረ ሂመኖና ወረ ኢሉም ራሳቸውን የቻሉ አውራጃዎች ነበሩ። ክርክሩ ከአጥቢያ ዳኛ ይጀምርና በወረዳ፣ በአውራጃ፣ ደሴ ባለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት እያለ ይወጣል። ባለርስት በቀላሉ አይረታም፣ ይግባኝ ይላል፤ ይህ ጠባያችን አንቺን በጀሽ። ታች ያለው ፋይል በእሳት፣ በምስጥ ወይም በጦርነት ቢጠፋ ላይኛው ፍርድ ቤት የተላከው ግልባጭ ሊተርፍ ይችላል። መሬቱ አንድ እግሩ ቦረና አንድ እግሩ ሳይንት ከሆነ ደግሞ በሁለቱም በኩል ፈልጊ።

የአክስትሽን ልጅ የቀናትም በዚሁ መንገድ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. እስከ ጥር 1858 ድረስ ኑዛዜን የሚያጸድቁት በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ነበር። የሟች ሀብት በአንድ ሊቀ ዲያቆን ግዛት ውስጥ ካለ እዚያ፣ ከዚያ ካለፈ በጳጳሱ፣ በሁለት ሀገረ ስብከት ከተበተነ በካንተርበሪ ወይም በዮርክ ሊቀ ጳጳስ ፍርድ ቤት ይታያል። የካንተርበሪው ከ1384 ጀምሮ ያለው መዝገብ ለንደን፣ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጧል፤ የዮርኩ በዮርክ ዩኒቨርሲቲ ቦርትዊክ ተቋም አለ። ስለዚህ እዚያም ፈላጊው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሟች በየትኛው ጳጳስ ግዛት ነበር? መሬቱስ?» የሚለውን ነው። ሁሉም ተርፎላቸዋል ብለሽ አታስቢ። እ.ኤ.አ. በ1942 ኤክሰተር ከተማ በጀርመን ቦምብ ስትጋይ የዴቨን አውራጃ ኑዛዜ ከሞላ ጎደል አልቋል። ከኛ የሚለዩት ጳጳሶቻቸው ጸሐፊና ሣጥን ስለነበራቸው ነው። የኛ ቄስ የነበራቸው ግዝት ነው፤ ግዝት ደግሞ ያስፈራል እንጂ በመደርደሪያ አይቀመጥም።

5. ፋይሉ ሲወጣልሽ አትቸኩዪ። በመጀመሪያ አቧራው ይወጣል፤ አፍንጫሽን በነጠላሽ ሸፍኚ። በሲባጎ የታሰረ፣ ጠርዙ የተበላ ወፍራም ወረቀት ታያለሽ። ላዩ ላይ የመዝገብ ቁጥር፣ የከሳሽና የተከሳሽ ስም፣ የነገሩ ዓይነት አለ። ቀጥሎ ቴምብር የተለጠፈበት ማመልከቻ ይመጣል፤ ራፖር ጸሐፊ የጻፈው ስለሆነ አጀማመሩ ሁሌም አንድ ነው። እሱን ዝለዪው። የምትፈልጊው ምስክር የተሰማበትን ገጽ ነው። እዚያ ላይ እያንዳንዱ ምስክር ስሙን፣ ዕድሜውን፣ የሚኖርበትን አጥቢያ፣ ከተከራካሪዎቹ ጋር ያለውን ዝምድና ይናገራል። ግርጌው ላይ ሐምራዊ የአውራ ጣት አሻራ ይኖራል። የቅድመ አያትሽ ፎቶግራፍ የለም፤ ጣቱ ግን እዚያ ሊኖር ይችላል።

ከሁሉም የሚያጠግበው የርስት ክርክር ነው። ርስት ይገባኛል የሚል ሰው ከአቅኚው አባት ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ ትውልዱን መቁጠር ነበረበት። ከሳሹ ይቆጥራል፤ ተከሳሹ ተነሥቶ «እገሌ የእገሌ ልጅ አይደለም፣ እገሊት መካን ነበረች» ይላል፤ ሁለቱም ይጻፋል። ስለዚህ በአንድ ፋይል ውስጥ የማይስማሙ ሁለት የዘር ሐረጎች ታገኛለሽ። አዲስ ሰው የረታውን ብቻ ይገለብጣል። አንቺ የተረታውንም ገልብጪ። ዳኛው የፈረደው ለምስክር ብዛት ነው እንጂ ለደም አይደለም፤ ለመሬት ሲባል አባት የተጨመረበት፣ አክስት የተሰረዘችበት ሐረግ ጥቂት አይደለም። ሁለቱ ወገኖች ተጣልተውም የተስማሙበት ስም ካለ ግን እሱን በእርግጠኝነት ያዢው።

ከ1953 ዓ.ም. ወዲህ ያለው ሌላ መልክ አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በዚያ ዓመት መስከረም 1 ቀን ሥራ ላይ ስለዋለ የውርስ አጣሪ፣ የወራሽነት ማስረጃ የሚባሉ ነገሮች መጡ። አጣሪው የሟቹን ልጆች ዝርዝር፣ ዕዳውንና ንብረቱን ለይቶ ለፍርድ ቤት ያቀርባል። ሕጉ የኑዛዜውን መከፈት በ40ኛው ቀን ማድረጉ ከተዝካሩ ጋር ይገጥማል። ስለዚህ አያትሽ የሞተበትን ቀን ካወቅሽ 40 ቀን ደምረሽ ከዚያ ወር ጀምረሽ ፈልጊ።

6. ወንጌሉን ለማየት የፈለግሽ እንደሆነ መጀመሪያ ለባለቤቶቹ ተገዢ። በየደብሩ ያለው ዋናው ወንጌል መነበቢያ ብቻ አይደለም፤ የደብሩ የውል መዝገብም ነው። የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭ፣ ኑዛዜ፣ እርቅ፣ የንዋየ ቅድሳት ዝርዝር በባዶ ገጾቹና በኅዳጉ ላይ ይጻፋል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ያለው የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም 1281 የተሰጠ ነው፤ እሱም ላይ እንዲህ ያሉ ጽሑፎች አሉ። እኛ ዘንድ ደግሞ አማራ ሳይንት ያለችው ተድባበ ማርያም ከጥንታውያኑ ደብሮች አንዷ ናት፤ ለአካባቢው ዘር ቆጣሪ መጀመሪያ መሄጃው እሷ ናት ቢባል አልቃወምም።

የኅዳጉን ጽሑፍ መለየት ቀላል ነው። የወንጌሉ ጸሐፊ ፊደል ቀጥ ያለና ውብ ነው፤ የውሉ ግን ቸኩሎ የተጻፈ፣ ቀለሙ የገረጣ፣ አንዳንዴም ከጠርዙ የሚወድቅ ነው። ከጎንደር ዘመን ወዲህ ያሉት ግዕዝና አማርኛ የተደባለቀባቸው ስለሆኑ ለአንቺም ይነበባሉ። መጀመሪያ ንጉሡን ወይም ገዥውን፣ ቀጥሎ አለቃውን፣ ከዚያ የሰጪውንና የተቀባዩን ስም ይጠራል፤ ወረድ ብሎ እማኞቹን ይደረድራል፤ መጨረሻው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የሚያወግዝ ቃል ነው። እማኞቹን አትናቂ። ባላገር ርስት የሚሰጠው ባይኖረው እንኳ እማኝ ሆኖ ሊቆም ይችላል።

ዓመተ ምሕረቱ ብዙ ጊዜ አይጻፍም፤ «በዘመነ ሉቃስ» ብሎ ያልፋል። ስሌቱ ይኸውልሽ፦ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሪና ለ4 አካፍዪ። 1 ከቀረ ማቴዎስ፣ 2 ከቀረ ማርቆስ፣ 3 ከቀረ ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። ጽሑፉ ንግሥት ዘውዲቱን ጠርቶ ዘመነ ሉቃስ ካለ ያለሽ ምርጫ 1911፣ 1915 እና 1919 ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ብዙ ሰው ተናዝዞ ከሆነ ደግሞ የኅዳር በሽታ ዓመት፣ 1911፣ ነው ብለሽ ገምቺ። ሽማግሌም ሲነግርሽ ዓመት አይጠራም፤ «ከክፉ ቀን በፊት»፣ «በሰገሌ ጊዜ»፣ «ማይጨው የዘመተ ሰሞን» ይላል። ክፉ ቀን ከ1880 ጀምሮ ያሉት ዓመታት ናቸው፤ ሰገሌ ጥቅምት 1909፣ ማይጨው 1928 ነው። እነዚህን በደብተርሽ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፊያቸው።

ለመግባት ከሀገረ ስብከቱና ከወረዳው ባህልና ቱሪዝም የተጻፈ ደብዳቤ ይኑርሽ፤ ይህም ሆኖ የመጨረሻው ቃል የአስተዳዳሪውና የቄሰ ገበዙ ነው። የቅርስ ሌባ ያየ ደብር ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ብራናውን በምራቅ በነካሽው ጣት አትግለጪ፤ ፎቶ ከተፈቀደልሽም ያለ ፍላሽ አንሺ። «ይህን ገጽ ልሽጥልሽ» የሚል ካጋጠመሽ አታዳምጪው፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ስላለም ጭምር።

7. እዚህ ካጣሽ ባሕር ማዶም አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከጎንደር አድባራት ብዙ መጻሕፍት አከማችተው ነበር። በሚያዝያ 1860 እንግሊዞች አምባውን ሲይዙ ከዘረፉት ውስጥ ብዙውን ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ሸጡት። 350 ያህል የብራና መጻሕፍት በብሪቲሽ ሙዚየም በኩል አልፈው ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። የገዛ አገራቸውን ኑዛዜ ከጳጳሶቻቸው እጅ ባወጡ በአሥረኛው ዓመት መሆኑ ነው። ዊልያም ራይት እ.ኤ.አ. በ1877 ካታሎጋቸውን አሳተመ፤ ዶናልድ ክራሚ የተባለው የታሪክ ሰው ደግሞ በኅዳጎቹ ላይ ያለውን የመሬት ውልና ኑዛዜ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2000 መጽሐፍ አውጥቷል። ነገር ግን አብዛኛው የጎንደር ሰው ጉዳይ ነው። የቦረና ገበሬ እዚያ ውስጥ አገኛለሁ ብለሽ ገንዘብሽን አትጨርሺ፤ ከአባቶችሽ አንዱ ከጎንደር የመጣ ካህን ወይም ወታደር ነበር ከተባለ ግን ያስኬዳል።

ለአንቺ የሚቀርበው የማይክሮፊልሙ ስብስብ ነው። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ቤተ ክህነትና በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ያለው የገዳም ቤተ መጻሕፍት ተባብረው ወደ 9000 የሚጠጉ ብራናዎችን በየገዳሙ እየዞሩ ቀርጸዋል። ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለዓመታት ካታሎጉን ሲሠሩ የኖሩት እዚያ ነው። የሐይቁ ወንጌል በዚያ ስብስብ ውስጥ ቁጥሩ 1832 ነው። ብዙው ዛሬ በኢንተርኔት ስለሚነበብ ከአዲስ አበባ ሳትነቃነቂ ማየት ትችያለሽ። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም የግዕዝና የዐረብኛ ብራናዎች አሉት። ወመዘክርንም አትዝለዪ።

8. ለመሬት እንዳልመጣሽ አስቀድመሽ ተናገሪ። ይህን ሳልነግርሽ ብቀር በደልኩሽ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ርስት ቀረ፤ ከርስት ጋር ዘር መቁጠርም ጥቅሙ ቀረ። ከዚያ በፊት የአሥራ አምስት ዓመት እረኛ ሰባት አባቱን ሳያደናቅፈው ይቆጥር ነበር፤ የመሬቱ ካርታ እሱ ነበርና። ከዚያ ወዲህ የተወለደው ግን የሚቆጥረው ለጋብቻ ብቻ ነው። ሆኖም ሰው ሥጋቱን አልረሳም። ዛሬ ገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይዟል፤ የክልሉ የመሬት ሕግም በ2009 ዓ.ም. ተሻሽሎ ወጥቷል። ከአዲስ አበባ መጥታ «ቅድመ አያቴ የት ነበር የሚያርሰው?» የምትል ሴት ስትመጣ ሰው ልቡ ይፈራል፤ አርጅቶ የሞተ ክስ ልትቀሰቅሺ የመጣሽ ይመስለዋል። ስለዚህ የማሳውን ወሰን አትጠይቂ። ከወንዝ ማዶ ነው፣ ከደብሩ በላይ ነው ካሉሽ ይበቃሻል።

9. የጠፋውን ቅርንጫፍ በሰፈራ ጣቢያ ፈልጊ። በ1977 ረሃብ ጊዜ ከወሎ ብዙ ቤተሰብ ወደ መተከል፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ጋምቤላ ተወስዷል። ወንድምና ወንድም በተለያየ መኪና ተጭነው ሳይገናኙ የቀሩ አሉ። እነዚያ ሰዎች አገራቸውን ጥለው ስለሄዱ አንዳንድ ጊዜ ከኛ የተሻለ ያስታውሳሉ። ስልክ ስትደውዪላቸው ግን «አለቀሱ» ብለሽ እንዳትደነግጪ።

10. የማትወጂውን ብታገኚም አትሰርዢው። በድሮ ኑዛዜ ውስጥ ከበሬና ከማሳ ቀጥሎ ሰው ተቆጥሮ ታዪ ይሆናል፤ «ባሪያዬን ነጻ አውጥቻለሁ» የሚልም አለ። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ሩቅ አይደለም። ነጻ የወጣው ሰው ስም ከተጻፈ እንደ አያትሽ ስም አድርገሽ በጥንቃቄ ገልብጪው፤ የእሱም የልጅ ልጅ አንድ ቀን እንዳንቺ ሊፈልግ ይችላል፣ የሚያገኘውም በዚያች መስመር ብቻ ሊሆን ይችላል። በሕይወት ያለን ሰው የሚያሳፍር ነገር ከሆነ ግን በደብተርሽ ያዢው እንጂ በሠርግ ቤት አታውሪው።

11. አሁን ወደ አባትሽ ልምጣ። የሞቱትን ስትፈልጊ ያለው ወንድሜ ኑዛዜ እንዳልጻፈ ታውቂያለሽ? «ምን ቸኮላችሁ» ይለኛል ስነግረው። አንቺ ንገሪው፣ ያንቺን ይሰማል። በቃሉ ብቻ ለሁለት ምስክር ቢናገር ሕጉ የሚፈቅድለት የቀብሩን ነገር፣ አካለ መጠን ያላደረሱ ልጆችን የሞግዚት ነገርና እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ያልበለጡ ስጦታዎችን ነው፤ ያም በሦስት ወር ይሞታል። በገዛ እጁ ከጻፈ ሙሉውን ራሱ ይጻፈው፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ይበል፣ ቀንና ፊርማ ያኑርበት፤ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም ውልና ማስረጃ ካላስቀመጠው በሰባት ዓመት ይፈርሳል። የሚሻለው በግልጽ የሚደረገው ነው፤ እሱ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ይፈረማል። በጽሑፉ ላይ የአባታችንን፣ የአያታችንንና የእናታችንን አባት ስም ከነአጥቢያቸው ያስገባ፤ ሕጉ ባያስገድደውም እኔ አስገድደዋለሁ።

አንደኛው ምስክር እኔ እሆናለሁ። ምስክር የሆነ ሰው ግን በዚያ ኑዛዜ ስጦታ ሊቀበል አይችልም፤ ስለዚህ የአባታችንን ጋሻ ለማን እንደሚተው ከመፈረማችን በፊት ይወስን።